የቆርቆሮው ክፍል

"ፈገግ በሉ እንጂ እናቶች!" አለ ሔሩይ ስልኩን ለፎቶ ከፍ አድርጎ።

በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ የተደረደሩት የገጠር ሴቶች አፍና አፍንጫቸው በጭምብል ተሸፍኗል፤ ፈገግ ቢሉም አይታይም። ደጃፉ ላይ የቆመችው ሸዋወርቅ ይህችን እንኳ ማሰብ ያቃተውን አለቃዋን ከላይ እስከ ታች ገላመጠችው። ወሩ ግንቦት ነው፤ መቀሌ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ባለው የድርጅቱ ግቢ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን ክራባት አስሯል።

ሸዋወርቅ ነርስ ናት። ከደብረ ብርሃን መጥታ መቀሌ መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ድርጅቱ የቀጠራት ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያሉ መንደሮች ለሰደድ እሳት ጭስና ለከባድ ሙቀት እንዲዘጋጁ እንድትረዳ ነው። ባለፈው በጋ በአካባቢው ያለው ደን ሲነድ ጭሱ መንደሮቹ ላይ ተኝቶ ሰነበተ። አሁን አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጡት እናት፣ አደይ ለተመድህን፣ አስም የነበረባቸውን እህታቸውን የቀበሩት ያን ጊዜ ነው።

የሸዋወርቅ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ በየመንደሩ አንድ የድንጋይ ቤት መርጦ ስንጥቁን መድፈን፣ ጭስ ሲመጣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን እዚያ ማስገባት። ሔሩይ ሳቀባት።

"የሰው ቤት ላይ የድርጅታችንን ስም ልንጽፍ ነው?" አላት።

ከዚያም ይህን የቆርቆሮ ሳጥን አስበየደ። ሰማያዊ ቀለም አስቀባው፤ የድርጅቱንም ስም ከሩቅ እንዲነበብ አድርጎ አስጻፈበት። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶች ከወደዱት፣ በየመንደሩ እንዲህ ያለ ሊተከል ነው።

"አቶ ሔሩይ፣ እንግዶቹ እስኪመጡ ሴቶቹ ይውጡ።"

"ከኩይሓ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተዋል፤ አሁን ይደርሳሉ።"

"ውስጡ ምድጃ ሆኗል እኮ!"

"ከሙቀት መጠለያ ተብሎ የተሠራ ክፍል ሞቀ ስትዪ አታፍሪም?"

ሸዋወርቅ ዓይኗን ወደ አግዳሚው መለሰች። አደይ ለተመድህን ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው ሲያወርዱ አይታ ነበር። ፊታቸው በላብ ተነክሯል፤ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ትንፋሼ እምቢ አለ" አሉ።

ሸዋወርቅ ዘልላ ገብታ ደግፋ አወጣቻቸው።

"ጭምብሉን መልሺላቸው! ፎቶው ይበላሻል!" ብሎ ጮኸ ሔሩይ።

አጥሩ ጥላ ሥር አስቀምጣ ውሃ ሰጠቻቸው። ሌሎቹም ሴቶች ማንም ሳያዛቸው ተከትለው ወጡ። አደይ ለተመድህን ትንፋሻቸው መለስ ሲል ሰማያዊውን ሳጥን አዩት።

"እሳት ሲመጣ እዚህ ግቡ ሊሉን ነው?" ብለው ጠየቁ። "እንዲህ ከሆነስ ጭሱ ይሻለናል።"

ወዲያው የእንግዶቹ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። ሔሩይ ኮቱን እየቆለፈ ወደ ሸዋወርቅ ተጠጋ።

"ሴቶቹን መልሺያቸው፣ ቶሎ!"

"ደክመዋል። እንግዶቹ ራሳቸው ተቀምጠው ቢሞክሩት አይሻልም?"

ፊቱ በራ። "አየሽ፣ ስትፈልጊ ታስቢያለሽ!"

እየመራ አስገባቸው። ሸዋወርቅ በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረገችው፤ ጭስ ሲመጣ የሚዘጋ በር አይደል? ከውስጥ "ክቡራን እንግዶቻችን" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሔሩይ ንግግር ከጀመረ አያቆምም፤ ሰው ይስማው አይስማው ግድ የለውም። ግን ብዙ አልቆየም፤ በሩ ከውስጥ ተገፋ። የእንግዶቹ መሪ የሆኑት ሴትዮ ፊታቸው ቀልቶ፣ ጃኬታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ወጡ።

"ይሄ ነው ለአረጋውያን የታሰበው?" አሉ። "የማን ሐሳብ ነው?"

ከኋላቸው የወጣው ሔሩይ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ዓይኑን ወዲያ ወዲህ አንከራተተና ሸዋወርቅ ላይ አሳረፈው።

"የ... የጤና ባለሙያችን ነች ያቀረበችው። እሷ ታስረዳለች።"

ሸዋወርቅ አየችው። ለቁጣዋ እንኳ የሚበቃ አልመሰላትም። ይልቅ ወደ ጥላው ዞረች።

"አደይ፣ ቅድም ለእኔ ያሉኝን ለእኚህ እንግዳ ይንገሯቸው። በትግርኛ እንደልብዎ ይናገሩ፤ እኔ አንዲት ቃል ሳላለሰልስ እተረጉማለሁ።"