ከሥጋው ሥር የነበረው ብልቃጥ

እህቴ የምትፈራው ምጡን አልነበረም፤ አማቷን ነበር። ደሟ ውስጥ የጉበት ቫይረስ እንዳለ ሲነገራት እኔንና ባሏን አስማለችን። «ከሰሙ ሰሃኔን ይለዩታል» አለች። በምላሴ የምታማው እኔ እንኳ በዚህ ጉዳይ ከንፈሬን ሰፋሁ።

ሕፃኑ እንደተወለደ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል ተባለ። አንዱ ክትባት ነው፤ ሰውነቱን ቀስ እያለ መዋጋት ያስተምረዋል። ሌላው ከሰው ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል የሚሉት ነው፤ ሕፃኑ እስኪማር ድረስ ይዋጋለታል። ክትባቱ ማዋለጃው ውስጥ አለ። ሁለተኛውን ግን ባሏ የስንቱን ፋርማሲ ደጅ ጠንቶ፣ ከሩቅ ከተማ አስመጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጎን አኖረው። እናቱ ምንነቱን ሲጠይቁት «የሕፃኑ መድኃኒት ነው፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል» አላቸው። ከዚያ በላይ ትንፍሽ አላለም።

ምጡ ሳይታሰብ መጣ። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ክትባቱን ወዲያው ወጉት። ባሏ መድኃኒቱን እንዲያመጡ ለእናቱ ደወለ፤ እሳቸውም ብልቃጡን በፎጣ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ።

«አንቺ ምላጭ!» አሉኝ ገና ከበሩ፤ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። «ዛሬስ ምን ትይኝ ይሆን? ሙቀት የሚባል አላስነካሁትም!»

ፎጣውን ፈቱት። ብልቃጡ አመዳይ ለብሷል፤ ውስጡ ጠጥሯል።

«እማዬ፣ የት ነበር?» አለ ልጃቸው።

«ፍሪዘር ነዋ! ከሥጋው ሥር። ቅዝቃዜ ይፈልጋል ትሉና ወተት ጎን ትጥሉታላችሁ። መብራት ቢጠፋስ? የዛሬ ልጆች!»

አዋላጇ ተቀብላ ወደ መስኮቱ አነሳችው። «ይሄ አይሆንም» አለች።

«ይቀልጣል እኮ፣ ልጄ።»

«ቢቀልጥም አልወጋውም፣ እማማ። አንዴ በረዶ ከሆነ ተበላሽቷል።» መልሳ ሰጠቻቸው።

ባሏ ስልኩን ይዞ ወጣ።  ተመልሶ «የትም የለም» አለ።

«ክትባቱ ብቻውን አይበቃም?» አለች እህቴ።

አዋላጇ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለች። «ይረዳዋል። አንቺ ዘንድ ግን ቫይረሱ ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለቱም የታዘዘው።» አጠገቧ ነበርኩና ሰማሁ።

ምላሴ ላይ የመጣው ቃል ሴትዮዋን ለሁለት ይሰነጥቃቸው ነበር። ግን ምን ብዬ? ያልነገርናቸው እኛ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ በስንቱ ስስቅ ኖሬያለሁ።

እህቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። አማቷ ብልቃጡን በመዳፋቸው እያሹ ትንፋሻቸውን ይሰጡት ጀመር። ቆይተው ወደ ብርሃኑ አነሱት። ኩልል ብሎ ጠርቷል፤ አንዳች የሆነ አይመስልም።

«ይኸው ቀለጠ! ምን ታፈጣላችሁ? ስጡታ!»

 ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ምላጭ፣ አንቺ እንኳ ንገሪያቸው እንጂ!»

እህቴን አየኋት። ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳልናገር።