በስተግራ ያለው እጥፋት

ልጅቷ የጀመረችውን ሹራብ ለሦስተኛ ጊዜ ተረተረችው። ለለቀስተኛው ሻይ የምታቀርበው አክስቷ ጠጋ አለችና፣ "አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ከተቀበረች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። ክርና መርፌ ይዘሽ ስትቀመጪ ሰው ምን ይላል?" ብላ አንሾካሾከች። ልጅቷ ግን የሰው ወሬ የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። እሑድ ሥራዋ ወዳለበት ከተማ ትመለሳለች፤ ከዚያ በፊት ለአባቷ ኮፍያ ማድረስ አለባት።

አባትየው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሚስቱ የሠራችለትን ቡናማ የሱፍ ኮፍያ ሳያደርግ ከበር ወጥቶ አያውቅም። የቀብሯ ዕለት ግን ከራሱ አውልቆ ሣጥኑ ውስጥ እጇ ሥር አኖረው። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣም። ልጁ ከሱቅ የገዛችለትንም "ይሄ የሌላ ሰው ነው" ብሎ ጠረጴዛ ላይ ተወው።

ስለዚህ ኮፍያውን አድርጎ የተነሣውን የድሮ ፎቶ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በእናቷ መርፌዎች ያንኑ ኮፍያ ትሠራለች። እናቷ ሹራብ ሠሪ ነበረች። እጇ ሲሠራ አፏም አብሮ ይሠራል፤ ስታወራ የዙሩ ቁጥር ይጠፋባታል፤ ሲጠፋባት ደግሞ ጥፋቱን በሚያዳምጣት ሰው ታላክካለች። በስተግራ አጥፋ በቁልፍ የምትይዘው ኮፍያ ሰፈሩን ያዳረሰ ፋሽን ሆኖላት ነበር። እንዴት እንደሚታጠፍ ሲጠይቋት የሙያ ምሥጢር ነው ትላለች። አሁን ልጅቷን ያስቸገራት ያ እጥፋት ነው። በአባቷ ራስ ልክ ስትሠራው የሚታጠፍ አይተርፋትም፤ እጥፋቱን ለብቻ ሠርታ ስትሰፋው ደግሞ ፎቶው ላይ ያለውን አይመስልም።

ለቀስተኛው ሲወጣ አባቷ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"በምን ለካሽው?"

"በራስህ ነዋ አባዬ። ትናንት ጋደም ባልክበት።"

"እሱ ነው ስህተትሽ" አለና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

እጮኛሞች ሳሉ ራሱን ስትለካው ጎፈሬ ነበር። ኮፍያው እስኪያልቅ ግን ፖስታ ቤት ተቀጠረ፤ አለቃው ፀጉርህን ተላጭ አለው፤ ተላጨ። ኮፍያው ዓይኑ ላይ ወረደ።

"ሳቅሁባት" አለ። "እሷ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ፣ 'ሆን ብዬ ነው' አለችኝ። በስተግራ አጠፈችና ከራሷ ካፖርት የላይኛውን ቁልፍ በጥሳ ሰፋችበት። ሳምንት ሳይሞላ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ለእኔም እንደዚያ ሥሪልኝ ይላት ጀመር።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም አልተናገርክም?"

"ሚስቴን ላሳጣት?"

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋም መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። እናቷ ናፈቀቻት። ዓይኗን ጠራርጋ ለአራተኛ ጊዜ ተረተረችውና አንድ ጎፈሬ ያህል አስፍታ ጀመረች።

ቅዳሜ ከሰዓት አለቀ። አባቷ ራስ ላይ ስታደርገው ቅንድቡን አልፎ ወረደ። አክስቷ አየት አድርጋ፣ ይሄ ሁሉ ድካም ሳይለኩ ለመሥራት ነው እንዴ አለች።

"ሆን ብዬ ነው" አለች ልጅቷ።

አባትየው ኮፍያውን ከዓይኑ ገፋ አድርጎ ተነሣ። የሚስቱ ካፖርት አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ሠላሳ ዓመት ኮሌታውን በእጇ ገጥማ የለበሰችው፣ የላይኛው ቁልፍ የሌለው ካፖርት። መቀሱን አነሣ፣ ሁለተኛውን ቁልፍ ቆረጠና የልጁ መዳፍ ላይ አኖረው።