ከሩጫው በኋላ ይነገረው

«‹ይሩጥ!› አለ። ‹ልጄን ከሩጫው እንዳታስቀሩብኝ!› አለና ነፍሱ ወጣች።»

አያ ሽመክት ይህን ሲናገሩ እታለማሁ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማቻቸው መቁጠሩን ትታዋለች። በጠዋቱ ሚኒባስ ከጥሊሊ የመጡት ለቀስተኞች ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንደኛዋ ሴትዮ «ወይ የአባት አንጀት!» ብላ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ሰደደች። እታለማሁ ንፍሮ የሞላውን ሰፌድ እንደያዘች ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ ቀረች።

አያ ሽመክት የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሬሳ ያስገነዙ፣ መቃብር ያስቆፈሩ፣ መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው። ለክፋት ዋሽተው አያውቁም፤ ለማጽናናት ሲሆን ግን አይሰስቱም። እሑድ ማታ ቃሉ አንድ ብቻ ነበር፤ «ይሩጥ»። ሰኞ «ልጄን» የሚል ተጨመረበት። በሰልስቱ ሟቹ እጁን አንስቶ መረቀ ተባለ። ዛሬ፣ በስድስተኛው ቀን፣ ኑዛዜው ረዝሞ ረዝሞ የእታለማሁ አባት አድማሴ በደህናው ጊዜ እንኳ በአንድ ትንፋሽ የማይጨርሰው ሆኗል።

አባቷ እንዲህ ያለ ቃል አልተናገረም። የተናገረውን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ሌላ ሰው አጠገቡ አልነበረም። «ደርበውን ጥሪልኝ» ነው ያለው። ሦስት ጊዜ አለ። ሦስቱንም ጊዜ አልጠራችለትም።

ደርበው ድንኳኑ ጥግ፣ ሰሌን ላይ፣ ራሱን ተላጭቶ ተቀምጧል። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ያለፈው እሑድ ባሕር ዳር ላይ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ግማሽ ማራቶን ሲሮጥ አባቱ እዚህ ቆሰበር ሞቶ ይገነዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢያናግሩት አይሰማም፣ ቢያጎርሱት አይውጥም። አያ ሽመክት «ይሩጥ አለ» ሲሉ ብቻ ቀና ይላል፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ደም ይመለሳል። እታለማሁ ያን ባየች ቁጥር ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች።

ሰፌዱን ለአንዷ ሴት አቀብላ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ጎረቤታቸው ሽታዬ ለነገው የሰባተኛ ቀን ዝክር ስንዴ ትለቅማለች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አሁንም ተናገሩት።»

«ማን?»

«አያ ሽመክት። ሽታዬ፣ አባባ እኮ እንዲያ አላለም።»

የሽታዬ እጅ ስንዴው ላይ ቆመ። እታለማሁ ምን እንዳለ፣ ስንት ጊዜ እንዳለ ነገረቻት። ሽታዬ ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ቀነሰች።

«ይሄን ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው። ሰማሽ? እሑድ ዕለት ልጁ መቃብሩን በጥፍሩ ሲቧጥጥ አላየሽም? አራት ወንድ ነው ያላቀቀው። ኋላም የተነሣው አያ ሽመክት ያችን ቃል ሹክ ስላሉት ነው። እሷን ብትነጥቂው ምን ይቀረዋል?»

«እውነቱ ይቀረዋላ።»

«እውነትሽን ይዘሽ ተቀመጪ! መጀመሪያ ልጁ ይዳን።» ሽታዬ እንክርዳዱን ወደ ውጭ ወረወረች። «ደግሞስ አንቺን ማን ይምርሻል? አሁን ሁሉም ‹አባትየው ነው ያለው› ብሎ ዝም ብሏል። ያቺ ቃል ባትኖር አገር ምን ይልሽ ነበር?»

እውነቷን ነው። የአያ ሽመክት ውሸት ወንድሟን ብቻ ሳይሆን እሷንም ሸፍኗታል። እታለማሁ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስንዴ መልቀም ጀመረች። ለሽታዬም ቢሆን ሁሉን አልነገረቻትም።

አድማሴ የፈረስ ሰው ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ የአዊ ፈረሰኞች ለበዓላቸው ሲሰባሰቡ ዳማ ፈረሱን ሸልሞ ከፊት ከሚወጡት አንዱ ነው። ከሰው ጋር አማርኛ፣ ከፈረሱ ጋር አዊኛ ይናገራል፤ ከፈረሱ ጋር ደግሞ ወሬ ይበዛለት ነበር። ደርበው ከትምህርት ቤት ውድድር ሜዳሊያ አንጠልጥሎ የመጣ ጊዜ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ፈረስ እያለ ሰውን ምን አስሮጠው?» ብሎ መለሰለት። ለሁለት ዓመት የልጁን ሩጫ እንደ ጎረቤት ወሬ ቆጠረው። አንድ ቀን ማለዳ ግን ምንም ሳይናገር ዳማውን ጭኖ ተከተለው።

ከዚያ ወዲያ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ አንድ ሯጭና አንድ ፈረሰኛ አብረው ሲሄዱ ያላየ የለም። «ፈረስ የሚሰበረው ዳገት ላይ አይደለም!» ይለዋል አድማሴ ከኮርቻው ላይ ሆኖ። «ቁልቁለት ላይ ልጓሙን ሲያላሉለት ነው። ያዝ ራስህን!» ሁለቱም ላብና ጭቃ ሆነው እየተሳሳቁ ይመለሳሉ። ሙቅ ውሃ አዘጋጅታ የምትጠብቃቸው እታለማሁ ናት። አንድም ቀን ግን ነይና እዪ ያላት አልነበረም።

እናታቸው ስትሞት እታለማሁ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ከትምህርት ቤት አስወጣት፤ አልተቆጣትም፣ አልለመናትም፤ «ቤቱ ሰው ይፈልጋል» ብቻ አለ። ያን ቤት አሥራ አራት ዓመት ስትይዝ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲላት አልሰማችም። ስሟን እንኳ አይጠራም፤ «አንቺ» ነው የሚላት። ክፉ ሰው ነበር ማለት አይደለም፤ ልቡ ፈረሱና ወንድ ልጁ ላይ አልቆበት ነው።

ከሩጫው በፊት በነበረው ረቡዕ፣ ደርበው ወደ ባሕር ዳር ከሄደ በኋላ፣ ደረቱን ያዘው። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ይዞት ለቆታል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስትለው «ለጉንፋን?» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውሃ ልታጠጣው ቀና አድርጋ እንደያዘችው «ደርበውን ጥሪልኝ» አለ።

«ነገ ሩጫ አለበት አባባ። ሮጦ ይመጣል» አለችው።

ሲመሽ ደገመው። ስልኳ መቀነቷ ውስጥ ነበር። ባሕር ዳር ሩቅ አገር አይደለም፤ ያን ቀን ከሰዓት ብትደውል ልጁ ለማታ እራት ይደርስ ነበር።

ለሽታዬ ያልነገረቻት ይህን ነው፤ ስልኩን ያልነካችው ለሩጫው ብላ ብቻ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እሷ ሆና ሳለ በሩቅ ያለው ሲጠራ ስትሰማ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ የእኔን ስም ጥራ» የሚል ነገር ሆዷ ውስጥ ተነሣ። እልህ ነበር። ለንስሐ አባቷም ገና አልተናገረችውም። ጎሕ ሲቀድ አድማሴ ለሦስተኛ ጊዜ ልጁን ጠራ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

እሑድ ማለዳ ለደርበው አሰልጣኝ ለይሄነው ደወለች። «ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው፤ እያሟሟቀ ነው። ምን ላድርግ?» አላት። እታለማሁ ሬሳውን እያየች «ከሩጫው በኋላ ይነገረው» አለች። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር እንደ ደርበው ላለ ሯጭ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል። ይደርሳል ብላ ነበር።

ከቀብሩ ያስቀረው ደግነት ነው። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይብላ ተባለ። ዓሣ አዘዙለት። ሰባተኛ ወጥቶ ስለነበር እየሳቀ፣ እሾሁን እየለቀመ በላ። በመካከል ለአባቱ ደወለ። የአድማሴ ስልክ እዚህ፣ ሙሾ በሚወርድበት ቤት፣ መስኮት ላይ ጮኸ፤ አልቃሹ ሁሉ ጸጥ አለ፤ አያ ሽመክት አንስተው አጠፉት። ባሕር ዳር ላይ አሰልጣኙ «ኔትወርክ ነው» አለው። መርዶ መንገድ ላይም አይነገርም፤ ዘመድ ቤት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ ዳንግላ ላይ ከሚኒባስ አውርደው አክስቱ ቤት አስገቡት። መርዶውን ተረዳ፤ ተለቀሰ፤ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ውሃ ረጩበት፤ ሰዓቱ ሄደ። ቆሰበር ላይ ካህናቱ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ፍትሐቱን ጨረሱ።

ደርበው ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ዳማው፣ ኮርቻው በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በባዕድ ሰው እየተሳበ ሲመለስ ተገናኙ። የአባትን ፈረስ በቀብር ቀን መሳብ የወንድ ልጅ ወግ ነው። ደርበው ልጓሙን አልተቀበለም፤ ፈረሱን አልፎ ወደ መቃብሩ ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና ለቀስተኛው ድንኳኑ ውስጥ ተጠጋጋ። እታለማሁ አባቷ የሞተበትን ክፍል ስትጠርግ ደርበው ገባ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል። አንሶላው የተነሣበት መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ድንጋይ ጠራቢው ነገ ለሰባቱ ይመጣል። ሐውልቱ ላይ የሚቀረጸውን ስጠኝ ብሎኛል።»

«ለአርባው አይደርስም?»

«ምን ያስቆየዋል? የአባባን ቃል ነው የማስቀርጸው።» ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። በስድስት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «እዚያ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ የእኛ አገር ሰው አይችለውም። አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ ከዳኝ። ልቆም ነበር፤ እውነቴን ነው። ከኋላዬ ኮቴ የሰማሁ መሰለኝና ዞር አልኩ። ዘንባባውና አስፋልቱ ብቻ። ግን አልቆምኩም። ያኔ ሞቶ ነበር ለካ። ‹ይሩጥ› ብሎ ልኮኝ ነው የሮጥኩት።»

እታለማሁ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈች።

«አያ ሽመክት በተናገሩ ቁጥር ይለዋውጡታል» አለ። «አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ቃሉ ራሱ ምን ነበር?»

አንዲት ቃል ብትሰጠው ይበቃዋል። ነገ ድንጋይ ላይ ትወጣለች፤ ለሙት ዓመቱ ትነበባለች፤ እሷም አብራ እያነበበች ታለቅሳለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሄኛው ግን እሷ ዝም ካለች የሚያጠራው አልነበረም።

«አትጻፈው» አለች።

«ለምን?»

«‹ይሩጥ› አላለም።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«‹ደርበውን ጥሪልኝ› ነው ያለው።»

ደርበው እንዳልሰማ ሰው አያት።

«መቼ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት። ሲመሽ ደገመው። ሊነጋ ሲልም።»

«ቅዳሜ እኮ ተኝቼ ነው የዋልኩት። እግራችሁን አሳርፉ ብለውን። ስልኬ እዚህ ደረቴ ላይ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ከሩጫው በኋላ ይነገረው ያለውስ?»

«እኔ ነኝ።»

ወረቀቱ ከጉልበቱ ላይ ወደቀ። አላነሣውም።

«ለእኔ ብለሽ ነው» አለ። እየጠየቀ ሳይሆን እየለመናት ነበር። «እንዳይበላሽብኝ ብለሽ ነው አይደል?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር!

«ግማሹ ለአንተ ነው» አለች። «ግማሹ ግን... አሥራ አራት ዓመት አጠገቡ ሆኜ የሚጠራው አንተን ብቻ ነበር ደርበው። ቀናሁብህ። ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

ደርበው ተነሣ። እታለማሁ የሚመታት መሰላት፤ ቢመታትም ደስ ባላት። ከድንኳኑ አዲስ የደረሱ ለቀስተኞች እሪታ መጣ፤ ወጥተው መቀበል ያለባቸው እነሱ ናቸው። አንዳቸውም ወደ በሩ አልሄዱም።

ፊቱን ወደ መደቡ አዞረ። ፍራሹ ተጠቅልሎ ባዶ ጭቃ ቀርቷል። ደርበው በጉልበቱ ወርዶ የአባቱ ራስ ወደ ነበረበት በኩል ጎንበስ አለ።

«አቤት አባባ» አለ፣ ገና አሁን እንደተጠራ ሰው።

ጠበቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«አቤት» አለ ደግሞ።

ሦስተኛው ላይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፁ አልወጣም። እታለማሁ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። ሦስተኛውን እሷ አለችለት።