የዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ

የሚስቴ ወንድም የሞተር መጋዝ የተከራየው ዐርብ ማታ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሙያውን ተምሮ ጨርሶ ነበር። አስተማሪው ስልኩ ላይ ያገኘው ቪዲዮ ነው፤ ትምህርቱ ማስታወቂያውን ጨምሮ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቷል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዛፍ ስጥል ኖሬ አሁንም የሚያስፈራኝ፣ እንግዲህ ጭንቅላቴ ዘገምተኛ ስለሆነ ይሆናል።

ቤተሰቡ «ኢንጂነሩ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት እናቱ ናቸው፤ በልጅነቱ የቤቱን ሬዲዮ ስለፈታታ። መልሶ አልገጠመውም፤ ይህን ማንሳት ግን በዚያ ቤት ነውር ነው። አሁን ተራው የጓሮው ባሕር ዛፍ ሆነ። ዛፉ ዐሥራ ሁለት ሜትር ይሆናል፤ ያዘመመው ደግሞ በቀጥታ አማቴ ወደሚተኙበት ክፍል ነው።

«እኔ ልቁረጠው» አልኩ ቁርስ ላይ። ሁሉም ግራ እግሬን አየ። የዛሬ ስድስት ዓመት ግንድ ወድቆበት እስካሁን አነክሳለሁ።

«አንተማ አርፈህ ተቀመጥ» አለ ኢንጂነሩ። «ብታውቅበት ኖሮ እግርህ ይሰበር ነበር?»

እግሬ የተሰበረው አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ የምሸሽበትን መንገድ ሳላጸዳ መጋዝ ስላነሳሁ ነው። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ሚስቴ በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። ደግነቱ የረገጠችው ጤነኛውን እግር ነው።

ስለዚህ ምክር ብቻ ሰጠሁ። መጀመሪያ የምትሸሽበትን አጽዳ፤ ዛፉ እንዲወድቅ በምትፈልግበት በኩል በሽብልቅ ቅርጽ ቁረጥለት፤ ከዚያ ከጀርባው ግባ፤ መሃል ላይ ግን ትንሽ ሳይቆረጥ ተው፣ ዛፉን እንደ በር ማጠፊያ ይዞ የሚያወርደው እሱ ነው። ደግሞም ያዘመመ ዛፍ በገመድ ካልተያዘ አይነካም አልኩት። ኢንጂነሩ ከዚህ ሁሉ «ገመድ» የምትለዋን ወደዳት። አንድ ገመድ ፈልጎ ዛፉ ላይ አሰረና ጫፉን ለአጎቱ ሰጠ። ገመዱ ስምንት ሜትር ነው።

«አጎቴ፣ ዛፉ ዐሥራ ሁለት ነው እኮ» አልኳቸው። «ስበው ከጣሉት የሚያርፈው እርስዎ ላይ ነው።»

«ሲመጣ እሸሻለሁ» አሉኝ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው።

እኔ የራስ መከላከያዬን አጠለቅሁ፤ ሳቁብኝ። ኢንጂነሩ የፀሐይ መነጽርና ነጠላ ጫማ አድርጎ ሞተሩን አስነሳ። ከሁሉም በፊት ግን ከዛፉ ጀምሬ በእርምጃ ለክቼ፣ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ርቄ፣ የግቢው በር አጠገብ ለአማቴ ወንበር አስቀምጬ ነበር።

«እማማ፣ እስኪወድቅ ድረስ እዚያ ይቀመጡልኝ።»

«ልጇ ዛፍ ሲቆርጥ ቤቷን ጥላ ወጣች ልባል?» አሉኝ። «እኔ ልጄን አምነዋለሁ።» ይህን ብለው ገብተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ጎረቤት በአጥር እያየ ነበር፤ እንኳን እናት እኔም ብሆን ያሳፍረኛል።

ኢንጂነሩ ሽብልቁን ዘለለው። ጊዜ ይፈጃል ብሎ ከክፍሉ በኩል ብቻ ገባ። ዛፉም በዚያው በኩል ስላዘመመ ተጭኖ መጋዙን ነክሶ ያዘው። ሞተሩ ጠፋ። ቢጎትተው፣ ቢሰድበው እንቢ አለ። ከዚያ መጥረቢያ አነሳና ወደ ወዲያኛው ጎን ዞረ።

እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። ከወዲያ በኩል መምታት ማለት ዛፉን የያዘውን ጎን መበጠስ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ክፍሉ ከመሄድ የሚመልሰው የለም። «ተው!» ብዬ ጮህኩ። «አትረብሸው!» አሉኝ አጎቱ ገመዳቸውን እንደያዙ። በግማሽ የተቆረጠ ዛፍ ሥር ገብቼ ልታገለው አልችልም፤ መግባት ሞት ነው። ፈራሁ፣ በእውነት ፈራሁ። እኚያ ሴትዮ ሚስቴን ሲድሩልኝ አንድም ቀን ስለ ሥራዬ ዝቅተኛነት አላነሱብኝም።

የመጀመሪያው ምት ሲሰማ እያነከስኩ ወደ ቤቱ ፊት ለፊት ሮጥኩ። ወንበሩ ጋ ስደርስ መሬት ላይ ተዘረርኩና እግሬን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

«እማማ! እግሬን! ድረሱልኝ!»

እሳቸው ለዛፍ አይወጡም፤ ለታመመ ሰው ግን ማን ምን ይላቸዋል? የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ወጥተው ትንሽ ቆሙ፣ አዩኝ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ተንበርክከው ራሴን ሲይዙኝ ከጀርባቸው ዛፉ ተሰነጠቀ።

ጣሪያውን ለሁለት ከፍሎ አልጋው ላይ ተኛ። አጎት መዳፋቸው በገመዱ ተላጠ፤ ዛፉ ወደ እሳቸው ስላልመጣ ገመዳቸው አጭር መሆኑን እስከ ዛሬ አያምኑም። ኢንጂነሩ ዘሎ ተርፏል፤ አንድ ነጠላ ጫማው ግንዱ ሥር ቀረ።

«ትንሽ ዞረ እንጂ መውደቁንስ ወድቋል» አለ አቧራውን እያራገፈ።

«ፈጣሪ ነው» አሉ አጎት። «በዚህ ሽባ ሕመም አወጣት።» ሁሉም ስለ እግሬ ሕመም ፈጣሪን አመሰገነ። ሚስቴም እግሬን እያሸች አለቀሰች፤ ግራውን።

ሰዉ ፍርስራሹን ሊያይ ሲሄድ አማቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«እግርህ እንዴት ነው?»

«ተሽሎኛል፣ እማማ።»

ወደ ልጃቸው አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የያዝከው እኮ ቀኙን ነበር» አሉኝ። «ገና ከበር ስወጣ አይቻለሁ። ለልጄ እንዳትነግረው።»