የእትዬ ቀለማት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ፕሮግራመሩ ግን ካፈሰሰው የሚለቀም አልተረፈለትም።

ታላቅ እህቱ የመጻሕፍት አራሚ ናት። የዓይኗ ብርሃን ከዳር ከዳር እየጠበበ፣ ነጭ ገጽ እንደ መርፌ እየወጋት ሥራዋን ልትተው ምንም አልቀራት ነበር። ያኔ ወንድሟ ኮምፒውተሯ ላይ የጽሑፍ ኤዲተር ጫነና የራሷን ቴም፣ የገጹንና የፊደሉን ቀለም የሚወስነውን ፋይል፣ ሠራላት። ቀለሙን የመረጠችው ግን ራሷ ናት። "ትንሽ አደብዝዘው። ኧረ በዛ! ትንሽ መልሰው" ትለዋለች፤ እሱ ያለችውን ይቀይርና ወደ ስልኩ ይመለሳል። በዚያ ቴም ስንቱን መጽሐፍ አረመችበት። ሰውም ሆነች።

ያን ዕለት ታዲያ ወንድምዬው ለመሄድ ቸኩሎ ፋይሉን ከእሷ ሰነዶች ጋር በማስቀመጥ ፈንታ ኤዲተሩ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ወረወረው። ከዚያም ሆኖ ይሠራል፤ ኤዲተሩ በአዲስ ሲተካ አብሮ መጠረጉ ነው እንጂ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ግን መሥሪያ ቤቱን በሳቅ ያፈርሰው ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሊጠይቃት መጣ።

"እትዬ፣ ይሄ ኤዲተር እኮ ጃጀ። አዲሱን ልጫንልሽ።"

"ቀለሜስ?"

"እዳው ገብስ ነው!"

አዲሱ ሲጫን አሮጌውን ፎልደር ከነኮተቱ ጠርጎ አጠፋው። ገጹ ነጭ ሆኖ ቦግ ሲል እህቱ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። እሱ ፈጥኖ ከኤዲተሩ ጋር ከመጡት ቴሞች ጥቁሩን መረጠላትና የእሷን ይፈልግ ጀመር። የለም። ቅጂም አላስቀረም።

"ቀለሜ የታለ?"

"ጠፋ፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"እንግዲህ ምን ይደረግ፣ አንተን ወንድም አድርጎ ሰጠኝ!" ብላ ሳቀች። "በል ና፣ እንደገና እንመርጣለን።"

ጎን ለጎን ተቀመጡ። አምና የምትለየውን ቀለም ግን ዛሬ አትለየውም። አረንጓዴውን ግራጫ ትለዋለች፤ ሁለት ቢጫዎች አጠገብ ለአጠገብ ሲያሳያት "አንድ አይደሉም እንዴ?" ትላለች። ሐኪሙ ዓይኗ እየደከመ እንደሚሄድ መናገሩን ሰምቷል፤ ይህን ያህል መሄዱን ግን ጠይቋት አያውቅም። የጠፋውን ቴም የመረጠችው ማየት ስትችል ነበር። አሁን እሷም ልትመርጠው አትችልም፤ እሱም አያስታውሰውም። ምናለ ያን ቀን ስልኩን ትቶ እሷ የምታየውን አብሯት ቢያይ!

መቼስ ምን ያድርግ፣ በግምት አዲስ ፋይል ይጽፍ ጀመር። መደቡን አጠቆረ፣ ፊደሉን አለዘበ፣ የአሁኑን ከሰነዶቿ ጋር አስቀመጠው። የቀረው ከቴሞቹ ዝርዝር መርጦ መጫን ብቻ ነበር።

"አገኘኸው!" አለች እህቱ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብላ። "ልክ እንደ ድሮው አደረግከው። ተባረክ! አሁን ሂድ፣ ሥራ አለብህ።"

እሱ ግን ገና አልጫነውም። ከፊቷ ያለው ያው ከኤዲተሩ ጋር የመጣው ጥቁር ቴም ነበር። እንዳይከፋው ብላ ይሁን፣ ወይስ እውነትም መስሏት፣ ለመጠየቅ አፉን ከፈተና ፈራ።

"አዎ እትዬ" አላት። "እሱ ነው።"