ስኳር የማይገባበት ቤት

በጅቡቲ ባቡር ላይ የሚሠራው የአባቴ ወዳጅ ሳህሌ፣ ውስኪ ለስኳር በሽተኛ መድኃኒት ነው ይላል፤ ቅንጣት ስኳር የለበትም፣ እንዲያውም በደም ውስጥ ያለውን ያወርዳል። ሐኪሙ ደግሞ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በባዶ ሆዱ ውስኪ ከጠጣ ተኝቶ ላይነቃ ይችላል ብሎናል። የስኳር በሽተኛው አባቴ አምባው ሁለቱንም አዳመጠ። ከዚያ ሳህሌ አቃቂ ጣቢያ ሲወርድ ይዞለት የመጣውን ጠርሙስ አልጋው ሥር አኖረ።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረው ደስታ ትንሽ ነበር። ጠላና ጠጅ ተከልክሏል። ስኳርማ ከቤታችን ከጠፋ ቆይቷል፤ እናቴ በላይነሽ የቀበሌ ራሽናችንን እንደተቀበለች ለጎረቤታችን ለእትዬ ሞሚና ታሻግረዋለች። "ካላየው አያምረውም" ትላለች።

በሁዳዴ አንድ ዓርብ ጠዋት እንደ ልማዴ መርፌውን ወግቼው ወደ ሥራ ሄድኩ። ቁርሱን እንደሚበላ ነግሮኝ ነበር። አልበላም፤ ጾመ። ከቅዳሴ ሲመለስም እህል ሳይቀምስ ከሳህሌ ጋር ውስኪውን ከፈቱ።

ስመለስ ሳህሌ ሄዷል። አባቴ በላብ ተጠምቆ፣ አፉ ተሳስሮ አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

"ሰክሮ ነው፤ ተወው ይተኛበት" አለች እናቴ። ጎረቤት እንዳያይ በሩን ዘጋችው።

የሚሸተውም ስካር ነበር። እጁን ስይዘው ግን በረዶ ሆነብኝ።

"እማዬ፣ ስኳር ስጪኝ።"

"ለሱ? ልትገድለው ነው?"

"ካላገኘ ይሞታል።"

ወደ መደርደሪያው ዞረች፤ ከዚያ ቆማ ቀረች። በቤቱ አንድ ማንኪያ ስኳር አልነበረም።

ሮጬ ስጠራቸው እትዬ ሞሚና ለረመዳን ያስቀመጡትን በጣሳ ይዘው መጡ። "የራሳችሁ ነው" አሉ። በውሃ አርሰን ድዱን አሸነው። ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

በማግስቱ ሳህሌ ሊጠይቀው መጣ። እናቴ ሰላምታውን አልመለሰችለትም፤ መርፌው የሚቀቀልበትን ድስት ምድጃው ላይ ጥዳ ጀርባዋን ሰጠችው።

"ምን ሆኜ ነው?" አለኝ አባቴ።

"ስኳርህ ከልክ በላይ ወርዶ። መርፌው አወረደው፣ ጾሙና ውስኪው ጨመሩበት።"

"ውስኪው ያወርዳል?"

መዋሸት እችል ነበር። "ያወርዳል፤ ግን..."

"አየህ ጋሼ አምባው፣ የተማረ ሰው መሰከረልኝ" አለ ሳህሌ።

አባቴ መርፌ ያጠቆረውን ጭኑን ዳሰሰ።

"በላይነሽ፣ እሳቱን አጥፊው" አለ። "ለአንድ ማሽን ሁለት ሠራተኛ አይመደብም። ከዛሬ ጀምሮ መርፌው ቀርቷል፤ ውስኪው ይበቃኛል።"