የዳሲቱ ዕጣ

የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣ ዕለት ጋዜጣው እኔ እጅ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ ስለቻልኩና ሌላ አንባቢ ስለሌለ ግቢው ሁሉ የሚያስነብበው እኔን ነው። ስሜን ሦስት ጊዜ ፈለግኩት፤ የለም። የጎረቤቴ የዳሲቱ ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ገላን ሳይት፣ ባለ ሁለት መኝታ።

«እምነትዬ፣ የኔስ?» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ።

ጆሮዬ ጋለ። የተመዘገብነው አብረን ነው፤ ወረፋ የያዝኩላትም እኔ ነኝ። «የለሽም» ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ስሆን አፌን እንደማላምነው አውቃለሁና ቧንቧው ጋ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ። አንዴ አልበቃኝም፤ ደገምኩት።

«ምነው፣ የለሁም እንዴ?» አለች ተከትላኝ።

«አለሽ። ገላን ደርሶሻል። አሁን ግን እንዳታቅፊኝ፤ ገና አልበረደልኝም።»